ጎንደርን ከጥምቀት ወር ውጭ፦ የመንገድ ዳር ምግቧና ወቅቷ

መንገደኛው (የውይይቱን ክር የከፈተ)፣ ኅዳር 9

ከዚህ ቀደም ወደ ጎንደር የሄድሁት ሁልጊዜ ለጥምቀት ነው። በከተራ ዋዜማ ገብቶ በቃና ዘገሊላ ማግስት የሚመለስ ሰው የሚያያት ጎንደር ታቦታቱ፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ፣ ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚሞላው የፋሲል መዋኛ፣ የአልጋ እጥረትና የዋጋ ንረት ናት። ዘንድሮ ግን በወርኃ ጽጌ መጨረሻ ሄጄ፣ ኅዳር 6 ቀን የቁስቋምን ክብረ በዓል አክብሬ ተመለስሁ። ይህን ክር የከፈትሁትም ከዚህ ጉዞ ስላገኘሁት አንድ ሐሳብ ለመነጋገር ነው፦ የጎንደር የመንገድ ዳር ምግብ በመኸርና በጾም የሚመራ ስለሆነ፣ ወደሚወዷት ከተማ ተመልሶ መሄድ ዋጋ የሚኖረው ወሩን ሲለውጡ ነው እላለሁ።

ጠዋቱን ከፒያሳ ልጀምር። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ድረስ በቆዩበት ጊዜ የሠሯቸው ሕንፃዎች፣ ፖስታ ቤቱን ጨምሮ፣ ዛሬም የአካባቢውን መልክ እንደያዙ ናቸው፤ ማኪያቶና ኬክ የሚፈልግም በየካፌው አያጣም። እኔን የሳበኝ ግን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ቅያስ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ከሰላቸውን አቀጣጥለው የሚቀመጡት የሻይና የፓስቲ ሻጮች ሰልፍ ነው። አንዲት ሴት ሊጡን ዘይት በነካ መዳፏ ላይ ዘርግታ፣ መሃሉን በአውራ ጣቷ አሳስታ ወደ ብረት ድስቱ ስትለቀው ወዲያው ይነፋል፤ አንድ ጊዜ ገልብጣ፣ ዘይቱን አንጠፍጥፋ፣ በወረቀት ይዛ ትሰጣለች። ሻዩ ቀረፋና ቅርንፉድ አለበት፤ ስኳሩ ሳይጠየቅ ይጨመራል (ስኳር የማይወስድ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ከተቀዳ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም)። በሰንበት ጠዋት ደግሞ ሌሊቱን በማኅሌተ ጽጌ አድረው ቅዳሴ አስቀድሰው የሚወጡ ሰዎች ስለሚመጡ ሻጮቹ ፋታ የላቸውም።

የነገሥታቱን ግቢ የከበበው ግንብ 900 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ውስጡን ለአንድ ሰዓት ተኩል ዞሬ ከወጣሁ በኋላ በውጭ በኩል ግንቡን ተከትዬ ወደ ጃንተከል ወረድሁ። በዚያ ጥግ ያገኘኋት የቆሎ ሻጭ ሦስት ከረጢት ብቻ ነበራት፤ በአንዱ የተፈተገ የገብስ ቆሎ፣ በሁለተኛው የሽምብራ፣ በሦስተኛው ለውዝ። ሱፍ ለብቻው በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሯል። ደብተር ወረቀት ጠቅልላ ሾጣጣ አድርጋ፣ ከገብሱ በሻይ ብርጭቆ ሰፈረች፣ ከለውዙ ግማሽ፣ ከሱፉ ጭብጥ ጨመረችና በመጨረሻ ሳልጠይቃት መረቀችልኝ። ገብሱ ጥርስ ላይ ፈርከስ የሚል፣ ጨው ያልበዛበት ነው። ስንት ጊዜ በዚያ ሳልፍ እንደገዛሁ ልቆጥር አልፈልግም።

አመሻሽ ላይ የበቆሎው ነገር ነው። እኔ የደረስሁበት ጊዜ በቆሎው ወደ ማለቂያው የተጠጋበት ስለነበር፣ ሻጮቹ እሸቱን ከጠነከረው ይለዩታል፤ ለጋው ከሰል ላይ ይጠበሳል፣ የጠነከረው ይቀቀላል። ከጎኑ ቅቅል ድንች አለ፤ ትኩሱን ለሁለት ሰንጥቀው፣ ጨውና ዳጣ ቀብተው ይሰጣሉ። ሰላጣና ሥጋ ከሚቀርብበት ሆቴል እራት ይልቅ ይህን እመርጣለሁ ብል ማጋነን አይደለም፤ ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ምሽቷ ይበርዳል፣ ለዚያ ብርድ ደግሞ ትኩስ ድንች ተስማሚ ነው።

እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠራችው ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም በሚወስደው አቀበት ላይ በበዓሉ ቀን ያየሁት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ የባቄላ እሸት የያዙ ሻጮች ከጧት ጀምሮ ዳገቱን ግራና ቀኝ ይዘውታል። የጽጌ ጾሙ በዋዜማው ስላበቃ የተቀቀለ እንቁላል የያዙ ልጆችም መካከል መካከል ነበሩ።

እንግዲህ ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ወር መሄድ እፈልጋለሁ። ወሩን በምግቡ ብትመርጡልኝ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ለምንስ?

የቀሃዋ፣ ኅዳር 9

እንኳን ደህና መጡ፣ ወንድም ዓለም፤ ለቁስቋም መምጣትዎ ደስ ብሎኛል። ብዙ እንግዳ የጥምቀትን ግርግር አይቶ ስለሚሄድ ወርኃ ጽጌን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ስለ ቆሎው ግን ትንሽ ልጨምር። ያ በአንድ ብርጭቆ የተሰፈረልዎ ገብስ ሾጣጣው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የብዙ ሰዓት ሥራ አለበት። ገብሱ ረጠብ ተደርጎ በሙቀጫ ይፈተጋል፣ ገለባው ይነፍሳል፣ ደርቆ እንደገና ይለቀማል፣ ከዚያ በኋላ ነው ምጣድ ላይ የሚታመሰው። እሳቱ ከበዛ ውጩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይሆናል፤ ካነሰ ደግሞ ጥርስ ይሰብራል። ማመሻው ከእጅ አይለይም። ሽምብራው ከመታመሱ በፊት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አለበት፤ ፈንጠር ፈንጠር የሚለው እና ልጣጩ የሚሰነጠቀው በዚያ ምክንያት ነው። እናቴ ይህን ሥራ ስትሠራ አድጌያለሁና፣ እንግዶች «ዋጋው ተወደደ» ብለው ሲከራከሩ ስሰማ ዝም ማለት ይከብደኛል።

ለጥያቄዎ መልስ፦ እኔ ብሆን ነሐሴ መጨረሻንና መስከረምን እመርጣለሁ። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 16 ቀን ይፈታል፤ በቆሎው ገና እሸት ነው፤ ከተማው አረንጓዴ ነው። ዝናቡን መታገሥ ከቻሉ በማራኪ በኩል በዩኒቨርሲቲው ደጅ ምሽት ምሽት ብቅ ይበሉ። ድንችና በቆሎ ሻጮቹ በዋናነት የሚሸጡት ለተማሪ ነው፤ ተማሪ ደግሞ ከበላ ሳይጠግብ አይነሣም፣ ስለዚህ እዚያ ሰፈር ስፍሩ ከፒያሳው ይበልጣል።

ሸዋ በር፣ ኅዳር 10

ጽሑፉን በደስታ አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ቆሎ፣ በቆሎ፣ ፓስቲ፣ ድንች በዳጣ የሌለበት የኢትዮጵያ ከተማ የቱ ነው? እኔ በአዲስ አበባ ከቤቴ ወጥቼ ሁሉንም ባንድ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ቆሎ መብላት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለቆሎው ሳይሆን ለትዝታው የሚደረግ ጉዞ ይመስለኛል። ጎንደር የምታስጎበኘው ሌላ ነገር አላት፤ ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በድንች ምክንያት አይደለም።

ደንቢያ፣ ኅዳር 10

ሸዋ በር ያነሡት ጥያቄ መልስ የሚገባው ነው፤ መልሱ ግን ከሻጯ ሳይሆን ከእህሉ የሚገኝ ነው።

ጎንደር በሦስት የተለያዩ የእህል አገሮች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ሰሜን በወገራና በደባርቅ በኩል ደጋው ነው፤ ገብሱ፣ ባቄላውና ድንቹ ከዚያ ይወርዳል። ወደ ደቡብ እስከ ጣና ድረስ የእኛ የደንቢያ ሜዳ ይዘረጋል፤ አፈሩ ዋልካ ነው፣ ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት ያበቅላል። ወደ ምዕራብ በመተማና በቋራ በኩል ደግሞ ቆላው ነው፤ ሰሊጡም ለውዙም የቆላው ነው። ወንድማችን በጃንተከል ጥግ ባዩዋቸው ሦስት ከረጢቶች ውስጥ ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው ጎን ለጎን ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ሁሉ የሚገኘው ከመርካቶ በጆንያ ተጭኖ ከመጣ በኋላ ነው፤ ጎንደር ላይ ደግሞ ገበሬው ራሱ ቅዳሜ ገበያ ይዞት ይመጣል። ልዩነቱ በተለይ እሸት በሚበላበት ጊዜ ይታወቃል፤ ቆሎ ጉዞ ይችላል፣ እሸት አይችልም።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ነው፤ ምክንያቱ ጥምቀት ሳይሆን የሽምብራ እሸት ነው። ሽምብራ በእኛ አገር ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ዋልካው ውኃውን እንደያዘ ይዘራል፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ሳያይ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ ወደ ከተማ ይመጣል። በአዘዞ መንገድ ግራና ቀኝ ልጆች ይዘውት ይቆማሉ። ቅጠሉን ሲነኩት እጅ ላይ የሚጣበቅ፣ ጎምዘዝ የሚል ነገር አለው፤ ፍሬውን ከመብላትዎ በፊት ጣትዎን ቢልሱ የጨው ያህል ይጥማል። አንዳንዱ እሳት ላይ ጠበስ አድርጎ ይበላዋል፤ እኔ ጥሬውን እመርጣለሁ። ይህን አዲስ አበባ ላይ በዚያው ቀን ትኩስነቱ የሚያገኝ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሸዋ በር፣ ኅዳር 10

የእሸቱን ነገር ተቀብያለሁ። ስለ ፓስቲው ግን አቋሜ አልተለወጠም።

ጤና ባለሙያ፣ ኅዳር 11

እስካሁን ማንም ያላነሣው ጉዳይ ስላለ ልጨምር። የተማርሁት እዚያው ጎንደር ነው፤ የጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመ ስለሆነ በከተማዋ የሕክምና ሰው አይጠፋም፤ ሆኖም ሆዱን ታሞ ሐኪም ቤት የሚያሳልፍ እንግዳ ዕረፍቱ ይበላሻል።

የመንገድ ዳር ምግብን በጅምላ መፍራት አያስፈልግም፤ መለየት ግን ያስፈልጋል። ቆሎ ደረቅ ስለሆነ ተሕዋስያን አይራቡበትም። ከሰል ላይ ወይም ከፈላ ዘይት ውስጥ ወጥቶ ወዲያው እጅዎ የገባ በቆሎ፣ ፓስቲ፣ ሳምቡሳ ብዙ አያሠጋም። የተቀቀለ እንቁላልም ቅርፊቱ ሳይሰነጠቅ ከተሰጠዎና ራስዎ ከላጡት ደኅና ነው። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛው ዳጣው ነው፤ ጥሬ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት በውኃ ተወቅጦ፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ ዕቃ ተቀምጦ፣ በአንድ ማንኪያ ለሁሉም የሚቀባ ነው። ድንቹን በደረቅ ሚጥሚጣ ቢበሉት ጣዕሙ ብዙ አይጎድልም። ሌላው ጠዋት ተጠብሶ ከሰዓት በኋላ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ሳምቡሳ ነው፤ ምስሩ ለብ ባለ ሙቀት ውስጥ ሰዓታት ከቆየ፣ ሽፋኑ ጠብሰቅ ያለ መሆኑ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ብርጭቆው የሚታጠብበት ውኃም መታየት አለበት። በከተማዋ የውኃ እጥረት ለረጅም ዘመን የቆየ ችግር ስለሆነ፣ ሻጯ ንጹሕ ልትሆን ብትፈልግም በአንድ ባልዲ ውኃ ብዙ ብርጭቆ ልታለቀልቅ ትገደዳለች። የራስዎን ኩባያ ይዘው ቢሄዱ ማንም አይቀየምዎትም።

የሽምብራ እሸት ጥሬውን ለሚበሉ፦ ፍሬው በሽፋኑ ውስጥ ስለሆነ ችግር የለውም፤ ጣት መላሱን ግን ደንቢያ እጃቸውን ታጥበው ያድርጉት።

የቀሃዋ፣ ኅዳር 11

ስለ ውኃው የተናገሩት እውነት ነው። ሰፈራችን ውስጥ በጄሪካን እየገዙ የሚሠሩ ሻጮች አሉ፤ ይህም ወጪ ድንቹ ዋጋ ላይ ይደመራል። ስለ ዳጣው ግን፣ እሜቴ ወይም ጌታዬ፣ ዳጣ የሌለው ድንች ለጎንደር ሰው የታመመ ሰው ምግብ ነው።

አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ኅዳር 12

ክሩ እስካሁን በጾምና በበዓል ሲቆጠር የቆየው በአንድ ወገን የዘመን አቆጣጠር ስለሆነ፣ የእኛን ሰፈር ልጨምርበት። አዲስ ዓለም የጎንደር ሙስሊሞች ቀደምት ሰፈር ነው። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ፤ ሰፈሩም ወደ ቀሃ ወንዝ በኩል ተመሠረተ። ዛሬ ጎረቤቱ ተቀላቅሎ የሚኖር ቢሆንም፣ በረመዳን ወቅት ከዐሥር ሰዓት በኋላ ወደዚያ የሚወርድ ሰው ሌላ ገበያ ያያል። የሳምቡሳው ድስት የሚጣደው ለአፍጥር ነው፤ ስለዚህ የጤና ባለሙያው የፈሩት ዓይነት የቆየ ሳምቡሳ በዚያ ሰዓት አይገኝም፣ ሁሉም ከዘይት እየወጣ ይወሰዳል። ምስር ያለበትም ሥጋ ያለበትም አለ። ከጎኑ ተምርና ሾርባ ይቀርባል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ተሰልፈው ይገዛሉ፤ ልጆቻቸው ከእኛ ልጆች ይቀድማሉ።

ረመዳን በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ ለመንገደኛው ጥያቄ የወር ስም ልሰጥ አልችልም። ወንድማችን ወቅትን ተከትሎ መብላት ከወደዱ ግን ይህ ደስ ሊላቸው ይገባል፤ አንድ ዓመት ረመዳኑ ከሽምብራ እሸት ጋር፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ከበቆሎ ጋር ይገጥማል። አንድ ማሳሰቢያ፦ በቀን ጾመኛው ሰው ፊት እየበሉ ማለፍ ሕግ የሚከለክለው ነገር ባይሆንም፣ በሰፈራችን አያምርም።

መንገደኛው፣ ኅዳር 12

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሸዋ በር፣ ፓስቲውን በተመለከተ አንከራከርም፤ የትም ያው ነው፤ ጠዋት በብርድ ሲበሉት ግን ደስ ይላል። የደንቢያ ማብራሪያ ግን እኔ በግልጽ ያላስቀመጥሁትን ነገር አስቀምጦልኛል። የእሸቱን ወር መርጫለሁ፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ገብቼ ከከተራ በፊት እወጣለሁ። በዚያ ጊዜ የገና ጾም ታኅሣሥ 28 ቀን ድረስ ስላለ የጾሙንም የፍስኩንም ምግብ አገኛለሁ፣ አልጋውም ገና ዋጋው አልናረም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ጠላ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ብቻውን ለሚሄድ እንግዳ ይመቻል? ሌላው፣ ቆሎ ወደ አዲስ አበባ ይዤ ስመለስ በሁለተኛው ሳምንት ለስልሶ አገኘሁት፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

ደንቢያ፣ ኅዳር 12

ጠላ ቤት በደጁ ቋሚ እንጨት ላይ ጣሳ የተደፋበት ቤት ነው። በጠራራ ፀሐይ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ቢገቡ ሽማግሌዎቹን ያገኛሉ፣ ጨዋታውም የእነርሱ ነው። ሲገቡ ቆም ብለው «እንዴት ዋላችሁ» ይበሉ፤ ቦታ ይለቅልዎታል። የእኛ ጠላ በዳጉሳ ብቅልም በገብስም ይጠመቃል፤ ጌሾው ጠንከር ስለሚል የመጀመሪያው ጣሳ ቀስ ብሎ ይጠጣ። ባለቤቲቱ ቀድማ ቀምሳ ትሰጥዎታለች፤ ጣሳዎ ጎደል ሲል ደግሞ ሳይጠይቁ ትሞላለች፤ መጠጣት ካልፈለጉ ሙሉውን ይተዉት እንጂ አያጋምሱት።

የቀሃዋ፣ ኅዳር 13

ቆሎው የለሰለሰው ከሱፉና ከለውዙ ጋር ስለተቀመጠ፣ እንዲሁም በላስቲክ ሙቅ ሆኖ ስለታሰረ ሊሆን ይችላል። ሻጯን «ለመንገድ ነው» ይበሏት፤ ገብሱን ለብቻው ትሰፍርልዎታለች። ከገዙት በኋላ አፉን ከፍተው አንድ ሌሊት ይቆይ፣ ሙቀቱ ይውጣለት፤ ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ያድርጉት። ቢለሰልስ እንኳ አይጣልም፤ ዘይት በሌለው መጥበሻ ላይ ለጥቂት ደቂቃ በለዘብተኛ እሳት ያምሱት፣ ይመለሳል። በአውሮፕላን የሚመለሱ ከሆነ አውሮፕላን ማረፊያው ካለበት ከአዘዞ ከመድረስዎ በፊት ከከተማው ይግዙ፤ በየብስ ከሆነም ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቁ።

ሸዋ በር፣ ኅዳር 13

መንገደኛው ከታኅሣሡ ጉዞ ሲመለሱ የሽምብራ እሸት አንድ እቅፍ ይዘው ቢመጡልኝ፣ ቦሌ ድረስ ወጥቼ እቀበላቸዋለሁ። በዚያው ቀን ከደረሰ ደንቢያን እጠራጠራቸዋለሁ፤ ካልደረሰ ደግሞ ቲኬት እቆርጣለሁ።